ሉኦል ዴንግ፦ የኤንቢኤው ተጫዋች ወይስ የደቡብ ሱዳን ቡድን አባት? የቱ ይበልጣል?

ቀጨኔ_ሜዳ
ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ርዕስ የከፈትኩት እዚህ መድረክ ላይ ስለ ኦሊምፒክ ስናወራ ወሬያችን ሁሌ ሩጫ ላይ ስለሚያልቅ ነው። ሩጫው ደማችን ነው፣ አልከራከርም። ግን ድንበራችንን ተሻግሮ በቅርጫት ኳስ የተሠራውን ነገር በቅጡ ያወራንበት አይመስለኝም። ያንን ለማውራት ደግሞ ከአንድ ሰው መነሳት አለብን፤ ከሉኦል ዴንግ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ዴንግ በ1985 ዋው ከተማ ተወለደ። ያኔ ሱዳን አንድ አገር ነበረች፣ ጦርነቱም ተፋፍሞ ነበር። ዲንካ ነው። አባቱ የሱዳን ፓርላማ አባል ነበሩ። ሁኔታው ሲከፋ ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ሸሸ። እዚያ ስደተኛ ሆነው ሲኖሩ ማኑት ቦልን አገኙ። ማኑት ቦልን የማታውቁ ካላችሁ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 የነበረ፣ በኤንቢኤ (በአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ውስጥ እስከ ዛሬ ከታዩት በጣም ረጃጅም ተጫዋቾች አንዱ ነው። ያገኘውን ገንዘብ ለወገኖቹ ስደተኞች ሲያፈስ ኖሮ በ2010 ያረፈ ሰው ነው። የዴንግን ወንድሞች ቅርጫት ኳስ ያስተማረው እሱ ነው። ትንሹ ሉኦልም ከእነሱ ሥር ሥር እያለ ኳሱን ለመደ።

ከግብፅ ወደ ለንደን ሄዱ፣ ጥገኝነት አገኙ። ደቡብ ለንደን ውስጥ አደገ። በ14 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ብሌር አካዳሚ ገባ። ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ከአሜሪካ ተመራቂ ተጫዋቾች መካከል ከሌብሮን ጄምስ ቀጥሎ ሁለተኛ ተብሎ የተቀመጠው እሱ ነበር። ከዚያ ዱክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተጫወተ። ቡድኑ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደረሰ። በ2004 ድራፍት፣ ማለት የኤንቢኤ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ 7ኛ ሆኖ ተመረጠ። የመረጠው ፊኒክስ ቢሆንም ወዲያው ለቺካጎ ቡልስ ተላለፈ።

ቺካጎ ላይ ወደ አስር ዓመት ገደማ ቆየ። በ2012 እና በ2013 ኦልስታር ሆነ፣ ማለት ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። በ2012 ከምርጥ ተከላካዮች ቡድን ገባ። በ2007 ደግሞ የስፖርታዊ ጨዋነት ሽልማት ወሰደ። ከዚያ ክሊቭላንድ፣ ማያሚ፣ ሌከርስ፣ ሚኒሶታ። በ2019 ጫማውን ሲሰቅል የቡልስ ተጫዋች ሆኖ ነው የሰቀለው። የሙሉ ዘመኑ አማካይ በጨዋታ 14.8 ነጥብ ነው።

እንግዲህ ይህ በራሱ ትልቅ ታሪክ ነው። እኔ ግን የምለው ይኼ የታሪኩ መግቢያ ነው። በዚያው በ2019 ኅዳር ወር የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች ስምንት ዓመቷ ነው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ማለት የፊባ፣ አባል የሆነችውም በ2013 መጨረሻ ነው። ይፋዊ ውድድር የሚደረግበት ጣሪያ ያለው አዳራሽ ያኔ አልነበራትም። አምስት ዓመት ሳይሞላው ያንን ቡድን ፓሪስ ኦሊምፒክ አደረሰው። ከየትኛውም ኦልስታር በላይ የማከብረው ይህን ሥራውን ነው። እናንተስ?

ብሪክስተን_ነዋሪ
ቀጨኔ፣ ጥሩ ርዕስ ነው። ግን ለንደንን በሁለት ዐረፍተ ነገር አለፍካት፤ እዚህ ለምንኖረው ትንሽ ይከብደናል።

ሉኦል የተሠራው ብሪክስተን ነው። ክለቡ ብሪክስተን ቶፕካትስ ይባላል። አሰልጣኙ ጂሚ ሮጀርስ ነበሩ፤ በ2018 አረፉ። ሮጀርስ የብዙ ስደተኛና ድሃ ልጆች አባት ነበሩ ማለት ይቻላል። ልምምዱ በብሪክስተን የመዝናኛ ማዕከል ነበር፣ ማንም ሰፈርተኛ የሚገባበት ቤት። ከዚያ ቤት ኦልስታር መውጣቱን እዚህ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ደግሞ የአርሰናል ደጋፊ ነው፣ ይኼንን አዲስ አበባ ያላችሁት ትወዱታላችሁ።

ስለ ኦሊምፒክ ካወራን ከ2024 በፊት 2012 አለ። ዴንግ በ2006 የብሪታንያ ዜግነት አገኘ፣ ለብሪታንያም ተሰለፈ። አገሪቱ በኦሊምፒክ ቅርጫት ኳስ ከ1948 ወዲህ ተሳትፋ አታውቅም ነበር። በ2012 አዘጋጅ ስለሆነች ገባች። በዚያው ዓመት ዴንግ የግራ እጁ አንጓ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ቡልስ ቀዶ ጥገና እንዲያደርግ ይፈልግ ነበር። እሱ ግን ኦሊምፒኩ እስኪያልፍ አዘገየው። አስቡት፣ በሚሊዮኖች የሚከፈለው ሰው በተጎዳ እጁ ለተቀበለችው አገር ልጫወት አለ።

ውጤቱ? በሩሲያ ተሸነፉ፣ በብራዚል 67 ለ 62 ተሸነፉ። ከስፔን ጋር ያደረጉት ጨዋታ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። 79 ለ 78። በአንድ ነጥብ! ስፔን ያን ጊዜ ብር ሜዳሊያ የወሰደችው ናት። ከዚያ አውስትራሊያ በሰፊ ልዩነት አሸነፈቻቸው፣ በመጨረሻ ቻይናን 90 ለ 58 ረቱ። ከምድቡ አላለፉም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው የሚያሳዝነው። ኦሊምፒኩ ባለፈ በወራት ውስጥ ለቅርጫት ኳስ የሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ ተቆረጠ። ዴንግ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዴቪድ ካሜሮን ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ለምን የእኛን ሰፈር ልጆች ስፖርት ትጥላላችሁ ነው የደብዳቤው መንፈስ። ለጊዜው ተመለሰ፣ በ2014 እንደገና ወደ ዜሮ ወረደ። ለእኔ የ2019ኙ ፕሬዚዳንት የተወለደው እዚህ ጋ ነው። ተጫዋች ብቻ ሆኖ መቅረት እንደማይበቃ ያየው ያኔ ይመስለኛል።

ጠያቂው
ሁለታችሁም ጥሩ ጻፋችሁ። እኔ ግን በግልጽ ልናገር። ይኼን ሰውዬ ከመጠን በላይ እያወደስነው ነው። ሌከርስ በ2016 ለአራት ዓመት 72 ሚሊዮን ዶላር ፈረመለት። በመጀመሪያው ዓመት 56 ጨዋታ፣ በሁለተኛው አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። አንድ! ከዚያ ገንዘቡን ተደራድሮ ወጣ። ደጋፊ ሆኜ ሳየው ይኼ ያናድደኛል። ከዚያ ደግሞ ገንዘብ ያለው ሰው ፌዴሬሽን ቢይዝ ምን ይገርማል?

ኮች_ከፒያሳ
@ጠያቂው ወንድሜ፣ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም።

እኔ ታዳጊዎችን ነው የማሰለጥነው፣ ስለዚህ አካል ስለሚባለው ነገር ልንገርህ። በ2011–12 እና በ2012–13 የውድድር ዘመን፣ በሁለቱም፣ በኤንቢኤ ውስጥ በጨዋታ በአማካይ ብዙ ደቂቃ የተጫወተው ሉኦል ዴንግ ነው። ወደ 39 ደቂቃ ገደማ። ጨዋታው ራሱ 48 ደቂቃ ነው። አሰልጣኙ ቲቦዶ ከሜዳ አያወጡትም ነበር፣ ምክንያቱም የተጋጣሚውን ምርጥ ተጫዋች፣ ሌብሮንን ጨምሮ፣ የሚይዘው እሱ ነው። ይህን በተጎዳ አንጓ ጭምር ነው ያደረገው።

በ2013ቱ የጥሎ ማለፍ ጊዜ ደግሞ ታመመ። ማጅራት ገትር ይሆናል ተብሎ ተጠረጠረና ከአከርካሪው ፈሳሽ ተወሰደ። ከዚያ የመጣው ጣጣ አልጋ ላይ ጣለው፣ ክብደቱም በጣም ቀነሰ። ያኔ አንዳንዱ «ለምን አይጫወትም?» ሲል ነበር። በሚቀጥለው ጥር ላይ ክለቡ ወደ ክሊቭላንድ አሳለፈው። እንዲህ ያገለገለ ሰው በ31 ዓመቱ እግሩ ቢከብደው፣ ውሉን ደግሞ ክለቡ ራሱ ወዶ ከፈረመለት፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሌከርስ ያኔ ወጣቶችን ማጫወት ነበር የፈለገው። እሱ ተቀመጥ ተባለ፣ ተቀመጠ፣ ቡድኑን አልበጠበጠም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በ2018 ሲለያዩ የቀረው ክፍያ ተከፋፍሎ እስከ 2022 ድረስ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ገደማ እንዲደርሰው ተስማሙ። አየህ? ደቡብ ሱዳንን መገንባት በጀመረባቸው ዓመታት የሌከርስ ገንዘብ እየገባለት ነበር። ለተጫዋቾቹ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ የልምምድ ሜዳ ኪራይ ከራሱ ኪስ ሲከፍል እንደነበር በይፋ የታወቀ ነው። ገንዘብ ያለው ሁሉ ይኼን ያደርጋል እንዴ? ስንት ባለገንዘብ የቀድሞ ተጫዋች አለ? ስንቱ ነው ለፌዴሬሽን ሆቴል ሲከፍል ያየኸው?

ጠያቂው
እሺ ኮች፣ የሕመሙን ነገር አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። አገሪቱን እንዲህ ከወደደ ለምን ራሱ አልተጫወተላትም?

ኮች_ከፒያሳ
በፊባ ሕግ አንድ ሰው ለአንድ አገር ዋና ቡድን በይፋዊ ውድድር ከተሰለፈ ወደ ሌላ መሻገር በጣም ከባድ ነው። ደቡብ ሱዳን ነፃ የወጣችው ሐምሌ 2011 ነው። እሱ ያኔ የብሪታንያ ተጫዋች ሆኗል፣ በዚያው ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ ተሰልፏል። አገሪቱ ፊባ ስትገባ ደግሞ የለንደን ኦሊምፒክም አልፏል። ጊዜው አልገጠመለትም፣ በቃ።

ሰላም_ሚኒሶታ
እዚህ ሚኒሶታ ስላለሁ እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ቡድኑ ነው። በተለይ ስለ ኑኒ ኦሞት።

ብዙ አበሻ ይኼን ስም አያውቅም። ኑኒ አኝዋክ ነው። እናቱ ከኢትዮጵያ ጦርነት ሸሽታ ኬንያ ገባች፣ እሱም በ1994 እዚያ በስደተኞች ካምፕ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ እኛ ወደ ሚኒሶታ መጣ። የአኝዋክ ማኅበረሰብ እዚህ ትልቅ ነው። ኑኒ ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ አልነበረውም። እዚሁ ሴንት ፖል ካለ ትንሽ ኮሌጅ ጀመረ፣ ከዚያ ኢንዲያን ሂልስ የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ፣ ከዚያ ነው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የወሰደው። ኤንቢኤ አልገባም። በየአገሩ እየዞረ ተጫወተ። በ2023 ከግብፁ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ ወሰደ፣ እሱም የውድድሩ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ።

ከዚያ ፓሪስ። ከአሜሪካ ጋር ባደረጉት ጨዋታ ከደቡብ ሱዳን ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው ኑኒ ነው፣ 24 ነጥብ። በእነ ሌብሮን፣ በእነ ዱራንት ላይ! ያን ቀን እኔ ያለሁበት ቤት ውስጥ የነበረውን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። አኝዋኮቹ ይጮኻሉ፣ ኑዌሮቹ ይጮኻሉ፣ እኛ አዲስ አበቤዎቹም አብረን እንጮኻለን።

የባሮ_ልጅ
እህቴ ሰላም፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ጋምቤላ ነኝ። ማንም እንዳያነሳው ፈርቼ ነበር፣ አንቺ አነሳሽው።

እዚህ ያለ ልጅ ሁሉ ኑኒን ያውቃል። አኝዋክ በድንበሩ ወዲህም ወዲያም አለ። ወዲህ አቦቦ፣ ጎግ፣ ዲማ፤ ወዲያ ደግሞ ፖቻላ። ኑዌሩም እንደዚያው። ስለዚህ «የደቡብ ሱዳን ቡድን» ስትሉ እኛ እንደ ሩቅ አገር አናየውም። በ1980ዎቹ ደግሞ ከዚያ የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢታንግና ፒኝዶ ካምፖች ውስጥ ኖረዋል። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ተመልሰው ተሰደዱ። ከእነሱ ብዙዎቹ እግራቸው ያደረሳቸው ኬንያ ነው፣ ከዚያም አሜሪካና አውስትራሊያ። የዚህን ቡድን ተጫዋቾች ቤተሰብ ብትጠይቁ በእኛ በኩል ያለፈ አይጠፋም ብዬ ነው የማስበው።

በኑኒ ስንኮራ ግን ልቤ ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ። ለምን ለእኛ አልሆነም? የእናቱ አገር ናት እኮ።

ኮች_ከፒያሳ
@የባሮ_ልጅ ጥያቄህ ልክ ነው፣ ደግሞም ያማል። እንዲህ ዓይነት ልጅ እንዲመጣ አንድ ሰው ስልክ ማንሳት አለበት። «እናትህ ከዚህ ናት፣ እንፈልግሃለን፣ ትኬቱን እንልክልሃለን» የሚል ሰው። ዴንግ ያደረገው ይኼን ነው። አውስትራሊያ ደወለ፣ አሜሪካ ደወለ፣ ካናዳ ደወለ። በስደት የተበተነውን ልጅ አንድ በአንድ ሰበሰበ። ተጫዋቾቹም ዴንግ ማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ስልኩን አነሱ። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ቢደውል ይመጡ ነበር ብዬ አላስብም።

መጀመሪያ ላይ ቡድኑን ራሱ አሰልጥኗል። በ2021 ነው የቀድሞውን የኤንቢኤ ተጫዋች ሮያል አይቪን ዋና አሰልጣኝ ያደረገው። የዚያ ዓመቱን የአፍሪካ ዋንጫ እንኳ በማጣሪያ አልፈው አይደለም የገቡት። አልጄሪያ በኮሮና ምክንያት ስትወጣ በእሷ ቦታ ተተኩ። ኪጋሊ ሄደው ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ቡድን! የተከፈተን በር እንዲህ ነው መጠቀም።

ቀጨኔ_ሜዳ
ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ልጨምር፣ ምክንያቱም በጣም የምወደው ክፍል ነው።

ለ2023 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ 12 ጨዋታ ነበረ። 11ዱን አሸነፉ። የዓለም ዋንጫው ላይ ምድባቸው ማኒላ ነበር። በፖርቶ ሪኮ በጭማሪ ሰዓት 101 ለ 96 ተሸነፉ። ቻይናን 89 ለ 69 አሸነፉ። ሰርቢያ በሰፊው ረታቻቸው። ከዚያ አዘጋጇን ፊሊፒንስን በገዛ ደጋፊዎቿ ፊት 87 ለ 68።

የመጨረሻው ከአንጎላ ጋር ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ በዓለም ዋንጫው ከአፍሪካ ቡድኖች የተሻለ ውጤት ያመጣ በቀጥታ ኦሊምፒክ ይገባል። አንድ ቦታ ብቻ። አንጎላ ማለት ደግሞ የአፍሪካን ዋንጫ ከማንም በላይ የወሰደች አገር ናት። 101 ለ 78 አሸነፏት። በ23 ነጥብ! ሌሎቹ የአፍሪካ ቡድኖች ግብፅ፣ ኬፕ ቨርዴና አይቮሪ ኮስት ነበሩ። ሁሉንም በልጠው ፓሪስ ገቡ።

ዳዊት_ከቴል_አቪቭ
ስለ ዓለም ዋንጫው ስታወሩ አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። የቡድኑ ሞተር ካርሊክ ጆንስ ነው። እሱ የሲንሲናቲ አሜሪካዊ ነው፣ ከደቡብ ሱዳን ምንም የዘር ግንኙነት የለውም። ዜግነት ተሰጥቶት ነው። ታዲያ ድሉ የማን ነው? እዚህ አገር ያለን ሰዎች «ማን ነው የእኛ?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ስለሚነካን ነው የምጠይቀው። ለማሳነስ አይደለም።

ብሪክስተን_ነዋሪ
ዳዊት፣ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው። በፊባ ሕግ ከ16 ዓመቱ በኋላ ዜግነት ያገኘ አንድ ተጫዋች ማሰለፍ ይፈቀዳል። ስፔንም አድርጋዋለች፣ ስሎቬኒያም አድርጋዋለች፤ ብዙ አገር ያደርገዋል። ደቡብ ሱዳን ያቺን አንድ ቦታ በጥበብ ተጠቀመችባት። ረጃጅም ተጫዋች ሞልቷታል፣ ያነሳት ኳስ የሚያቀነባብር ሰው ነበር። እሱን አመጡ። ሌሎቹ አሥራ አንዱ የራሷ ልጆች ናቸው።

ደግሞ ስለ ማንነት ካነሳህ፣ ዴንግ ራሱ ለብሪታንያ ሲጫወት «የእኛ አይደለም» የሚል አልጠፋም ነበር። እጁ ተጎድቶ ተጫወተላቸው። ጆንስም እንደዚያው ለዚያ ማሊያ ሲታገል አይቻለሁ። እኔ በስደት የምኖር ሰው ነኝ፣ የተቀበለችህን አገር በሙሉ ልብ ማገልገል ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ዳዊት_ከቴል_አቪቭ
ይኼ መልስ ደስ ብሎኛል። ተቀብያለሁ። እንግዲህ ስለ ለንደኑ የወዳጅነት ጨዋታ ማን ይጽፋል? እኔ ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ብሪክስተን_ነዋሪ
እኔ እጽፋለሁ፣ ሜዳው ውስጥ ነበርኩ።

ሐምሌ 20 ቀን 2024፣ ኦ2 አዳራሽ። አሜሪካ ከሌብሮን፣ ከስቴፈን ከሪ፣ ከአንቶኒ ዴቪስ ጋር። ደቡብ ሱዳን እረፍት የወጣችው 58 ለ 44 እየመራች ነው። በ14 ነጥብ! አዳራሹ ውስጥ ያለን ጥቁሮች እርስ በርስ እየተያየን ነው፣ ማንም የሚያየውን አላመነም። ካርሊክ ጆንስ ያን ቀን 15 ነጥብ፣ 11 የተሰበሰበ ኳስ፣ 11 ለግብ የሚሆን ማቀበል አስመዘገበ። በመጨረሻ ግማሽ ደቂቃ ውስጥ እንኳ በአንድ ነጥብ እየመሩ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ስምንት ሴኮንድ ሲቀረው ሌብሮን ሰንጥቆ ገብቶ አስቆጠረ። 101 ለ 100።

ዴንግ ከ12 ዓመት በፊት እዚሁ ለንደን በስፔን የተሸነፈውም በአንድ ነጥብ ነበር። ያኔ ሜዳ ውስጥ ሆኖ፣ አሁን ከአሰልጣኞቹ ጋር ተቀምጦ። ካለቀ በኋላ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ሲያቅፋቸው አየሁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር፣ እሱ ግን አንገቱ ቀና ያለ ነው።

ሰላም_ሚኒሶታ
ከዚያ ደግሞ የመዝሙሩ ጉድ። ሐምሌ 28፣ ሊል ከተማ፣ በታሪካቸው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ጨዋታ። ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ቆመዋል። የተከፈተው የሱዳን መዝሙር! የሸሹት፣ የተዋጉት፣ ብዙ ሰው ያለቀበት የዚያ አገር መዝሙር። ለሃያ ሴኮንድ ያህል ከሄደ በኋላ ተቋረጠ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ጠበቁ። ከደቂቃዎች በኋላ ትክክለኛው ተከፈተ። ደሜ ፈልቶ ነበር፣ በቴሌቪዥን ሳየው እንኳ።

መልሳቸው ግን ሜዳው ላይ ነው። ፖርቶ ሪኮን፣ ያቺኑ በማኒላ ያሸነፈቻቸውን፣ 90 ለ 79 ረቱ። ጆንስ 19 ነጥብ። ቀጥሎ በአሜሪካ 103 ለ 86፣ በሰርቢያ ደግሞ 96 ለ 85 ተሸነፉ፣ ሩብ ፍጻሜ አልደረሱም። ሰርቢያ ነሐስ የወሰደችው ናት፣ አሜሪካ ወርቅ። ከእነሱ ጋር ነው አንድ ምድብ የተመደቡት እንግዲህ።

ጠያቂው
እውነት ለመናገር ይኼን ክር ካነበብኩ በኋላ የማየው ሰው ሌላ ነው። ግን አንድ ስጋት አለኝ። ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ነገ ዴንግ ቢደክም ወይም ቢለቅ ምን ይሆናል? በየሙያው ያየነው ነው፤ ሰውዬው ሲሄድ ቤቱ ይፈርሳል።

ኮች_ከፒያሳ
ይኼ የዚህ ክር ምርጡ ጥያቄ ነው፣ እኔንም ያሳስበኛል። ኪስ ያልቃል። ፌዴሬሽን በአንድ ሰው ገንዘብና ስም ብቻ ዕድሜ ልኩን ሊኖር አይችልም። አዳራሽ መሠራት አለበት፣ የአገር ውስጥ ሊግ መቆም አለበት፣ ጁባ ያለ ልጅ ጁባ ሆኖ መሠልጠን አለበት። እስካሁን ዋነኛው ምንጭ በስደት ያደገው ልጅ ነው። እሱን ያሠለጠነው ደግሞ የሌላ አገር ትምህርት ቤት ነው።

ተስፋ የሚሰጠኝ ካማን ማሉዋች ነው። ሩምቤክ ተወልዶ ኡጋንዳ በስደት አደገ። ከዚያ ሴኔጋል ያለው የኤንቢኤ አካዳሚ ገባ። ፓሪስ ላይ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ዱክ ገባ፣ እንደ ዴንግ አንድ ዓመት ተጫወተ፣ በ2025 ድራፍት 10ኛ ሆኖ ተመረጠና በዝውውር ፊኒክስ ደረሰ። የዴንግ ትውልድ አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መንገድ አልነበረውም። ማሉዋች ኮሌጅ እስኪገባ ድረስ አፍሪካ ውስጥ ነው ያደገው፣ በአፍሪካ ሊግም ተጫውቷል። ዴንግ ራሱ በ2021 ኤንቢኤ በአፍሪካ ላቋቋመው ድርጅት ገንዘብ ካዋጡት የቀድሞ ተጫዋቾች አንዱ ነው። በ2015 ጆሃንስበርግ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የኤንቢኤ አፍሪካ ጨዋታም የአፍሪካ ቡድን አምበል እሱ ነበር። ሰውዬው መንገዱን ለማንጠፍ ቆይቷል ማለት ነው።

ሰላም_ሚኒሶታ
ወንዶቹን ብቻ እያወራችሁ ሴቶቹን ረሳችሁ! በ2025 የሴቶች የአፍሪካ ዋንጫ አቢጃን ላይ ተደረገ። የደቡብ ሱዳን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የገቡት። ነሐስ ወሰዱ። ወንዶቹ እንኳ በአፍሪካ ዋንጫ ሜዳሊያ ሳያገኙ! ለእኔ የጠያቂው ስጋት መልሱ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ቡድን ብቻ ቢሆን የአንድ ሰው ሥራ ነው እንል ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነዋል።

የባሮ_ልጅ
ነሐሱን አልሰማሁም ነበር እህቴ፣ ዛሬ ማታ ለሴቶቹ ልጆች እነግራቸዋለሁ። እኛ ሰፈር ቅርጫቱ የተተከለው መሬት ላይ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ ይሆናል። ግን ልጆቹ አሉ፣ ቁመቱም አለ። ኮች፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ታዳጊዎችን እንዴት እንደምታሠለጥን፣ ኳስ ሲያንስ ብዙ ልጅ እንዴት እንደሚሠራ፣ እዚሁ ልትጽፍልን ትችላለህ? እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከትምህርት ቤት መልስ የምናሠራቸው ልጆች አሉን፤ በሁለት ኳስ ነው የምንሠራው።

ኮች_ከፒያሳ
በደስታ ወንድሜ። ለብቻው ክር እከፍትለታለሁ፣ ብዙ ነገር አለው። ለጊዜው ግን ይኼን ጀምሩ፦ ልጆቹን በሦስት ቡድን ክፈሏቸው። አንዱ በኳስ ቅርጫት ላይ ይሥራ፣ ሁለተኛው በሌላው ኳስ መቀባበል፣ ሦስተኛው ያለ ኳስ የመከላከል እግር ሥራ ላይ ይሁን፤ ጎን ለጎን መንሸራተት፣ ወገብ ዝቅ፣ እጅ ክፍት። በየአምስት ደቂቃው ቦታ ይቀያየሩ። የመከላከሉን ሥራ እንዳትንቁት። ዴንግን ለአስር ዓመት ቺካጎ ያቆየው እሱ ነው፣ ኳስም አይፈልግም። የልጆቹን ዕድሜና ስንት እንደሆኑ ጻፍልኝ፣ እንደዚያ አድርጌ አዘጋጅልሃለሁ።